መዳብ የተቀባው አረርና የጆሊን ሰርግ

ሳልመን፣ አይዳሆ
ሰኞ፣ ማርች 2

ጆሊን ልታገባ ነው! ኦሪን፣ ሰማህ? የኛ ጆሊን! ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ላይ ድንች እየጨለፍኩ ሳለ ግራ እጇን ከአፍንጫዬ ሥር ዘረጋችው። ቀለበቱን ሳይ ጭልፋው ከነድንቹ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ዱብ አለ። አሁንም ድረስ ልቤ ቦታው አልተመለሰም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር ብዬ ለአንተ አልዋሽም።

ይቅርታ፣ ሰላም ሳልልህ ጀመርኩ። እንዴት ነህ ወንድሜ? ጉልበትህስ? በቅሎዎቹ ክረምቱን ቻሉት? በዚያ ገደል ውስጥ የሰው ግቢ እየጠበቅክ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሚመጣው የፖስታ አውሮፕላን በቀር ሰው ሳታይ እንዴት እንደምትኖር እኔ አይገባኝም። ስለ ጥርሴ ጠይቀኸኝ ነበር፤ ተነቀለ። ስለ ጣራው ጠይቀኸኝ ነበር፤ አሁንም ያፈስሳል። አሁን ወደ ልጁ ልመለስ።

ስሙ ቴይን ሆልብሩክ ነው። ወንዙ ማዶ ካለው የከብት መኖ መሸጫ ነው የሚሠራው። ረጅም ነው፣ ጨዋ ነው፣ ዴልማርን «ጌታዬ» ይለዋል። ተኩስም ይወዳል። በኛው የተኩስ ክበብ የመስመር ተቆጣጣሪ እንዲሆን ታጭቷል፤ ተኳሾቹ ጀርባ ቆሞ «ተኩሱ»፣ «አቁሙ» የሚለው ሰው ማለት ነው። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ወር የፓንኬኩ ቁርስ ቀን ነው።

ዴልማር ምን አለ እንዳትለኝ። «ጥሩ» አለ። ይኸው ነው። ከዚያ ተነስቶ ጋራዥ ገባና የጥይት መሙያውን እጀታ ቋ፣ ቋ ሲያደርግ አመሸ። ለካ ለልጁ ስጦታ እየሠራለት ነው! ያረጀ ቀለህ አጥቦ፣ ባሩድ መዝኖ፣ አዲስ አረር እየተከለበት። አረሮቹ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቃሉ፤ መዳብ የተቀቡ ናቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት አግብቼው ለኔ እንኳ እንዲህ ያማረ ነገር ሠርቶልኝ አያውቅም።

ሰርጉ ሜይ ላይ ነው። ዴልማር እጇን ይዞ ወደ ሙሽራው ሲያስገባት አሁን ሆኜ ይታየኛል፤ እሱም በድብቅ አሮጌ ጫማውን ሲወለውል አይቼዋለሁ።

እህትህ ኔልዳ

ሳልመን
ሰኞ፣ ማርች 16

ውድ ኦሪን፣

ስጦታውን እንዴት ተቀበለው ብለህ ጠይቀኸኛል። ባልጠየቅከኝ ይሻል ነበር። እኔ እስካሁን ክው እንዳልኩ ነው።

ቅዳሜ ማታ ራት ጋበዝኳቸው። ዴልማር ከኬኩ በኋላ ሣጥኑን አምጥቶ ልጁ ፊት አስቀመጠ። ቴይን ከፈተው፣ አንዷን ጥይት አነሳ፣ ወደ መብራቱ አስጠግቶ አገላበጣት።

«ከየትኛው ሰንጠረዥ ነው የባሩዱን ልክ የወሰዱት፣ ጌታዬ?»

«ከመጽሐፉ ነዋ!» አለ ዴልማር።

«ማለቴ፣ መዳብ ለለበሰው አረር ከተጻፈው ነው? ወይስ ለእርሳሱ?»

«ምን ይመስልሃል? መዳብ አይደለም እንዴ? መነጽር ላምጣልህ?»

እኔ ሳቅኩ። የሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«የተቀባ ነው እንጂ የለበሰ አይደለም» አለ ልጁ። «ሽፋኑ ስስ ነው። የለበሰውን የመጨረሻ ልክ ከሰጡት ይላጣል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን አልተኩስም።»

እንዲህ ብሎ ሣጥኑን በጠረጴዛው ላይ ወደ ዴልማር መልሶ ገፋው! ኦሪን፣ ሰው የሌላ ሰው እጅ የሞላውን ጥይት እንደማይተኩስ እኔም አውቃለሁ፤ ሕፃን ሆነን አባባ ያስተማረን ነው። ግን ወግ አለው። ሣጥኑን ትቀበላለህ፣ ታመሰግናለህ፣ ቤት ወስደህ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለህ፣ እዚያው አቧራ ይበላዋል። ማንም አይጠይቅህም። በአማትህ ፊት፣ ኬክ በልተህ ሳትጨርስ፣ መልሰህ ትገፋለህ?

ዴልማር ሣጥኑን አንስቶ ወጣ። ጆሊን ጉንጯ ቀላ፤ ለቴይን ጠረጴዛው ሥር ያቀመሰችውን እርግጫ እኔም ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ዴልማር የልጁን ስም አይጠራም፤ «የመጽሐፍ አዋቂው» ነው የሚለው።

እስቲ አንተ ንገረኝ፤ ማን ነው ትክክል? ለዴልማር እንደጠየቅኩህ አትንገረው።

ኔልዳ

ከወንዙ ሸለቆ
ረቡዕ፣ ማርች 18

ኔልዳ፣

አብራሪው ቡናውን እስኪጨርስ ነው የምጽፈው። እኔ ደህና ነኝ። ጥርስሽ በመነቀሉ ደስ ብሎኛል፤ አሁን ትንሽ ዝም ትያለሽ ብዬ ነበር።

ልጁ ልክ ነው፣ አነጋገሩ ግን ልክ አይደለም። መዳብ የተቀባው አረር ውስጡ ለስላሳ እርሳስ ነው፣ ላዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። የለበሰው ግን ካፖርት ነው የለበሰው። ዴልማር የካፖርቱን ሙሉ ልክ ለልጣጩ ከሰጠው፣ ልጣጩ ይቀደድና አረሩ በአየር ላይ ይገለባበጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ ከረዘመ እሱ ነው። ደግሞ ዴልማር የቀለሁን አፍ ሲያጠብቅ አረሩን እንደ ዶሮ አንገት ነው የሚያንቀው፤ እሱም ሽፋኑን ይቆርጠዋል። ይህን እንደነገርኩሽ አትንገሪው።

ደንቡ ቀላል ነው። አረሩን የሠራው ፋብሪካ ልክ አውጥቶለት ከሆነ እሱን መያዝ ነው። ካላወጣለት ከእርሳሱ ሰንጠረዥ መሃል ተነስቶ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር፣ ከለበሰው ሰንጠረዥ መሃል ደግሞ አለማለፍ። ልጁም በፍርሃት ከዚያ በታች እንዳይወርድ።

አብራሪው ተነሳ።

ኦሪን

ሳልመን
ሰኞ፣ ማርች 30

ኦሪን፣

ጽሑፌ ካልተነበበልህ ቸኩዬ ስለምጽፍ ነው። በአስቸኳይ ጻፊልኝ ያልከው ስለ በቅሎዎቹ መድኃኒት ነበር፤ አልገዛሁም፣ ይቅርታ፣ ጭንቅላቴ የለም።

ዴልማር ቴይንን ደበደበው። መቼም ሌላ ምን ልበለው? ቅዳሜ የክበቡ ውድድር ነበር። እኔ የክበቡ ቤት ውስጥ የሥጋ ቺሊ ወጤን እየቀዳሁ ነው። ውጭ ተኩሱ እንደወትሮው ይንጣጣል። ድንገት የዴልማር ድምፅ፦ «አቁም! አቁም! አቁም!» ሠላሳ ስድስት ዓመት እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፤ ጎተራው ሲቃጠል እንኳ አልጮኸም። ሮጬ ወጣሁ። ኦሪን፣ በዓይኔ አየሁት! የልጁን እጅ ከነስድስት ጎራሽ ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ጨፍልቆ ይዞታል፣ የልጁ ባርኔጣ መሬት ወድቋል፣ ሰው ሁሉ ጆሮ መከላከያውን እንዳደረገ ደርቆ ቆሟል።

ነጥብ የምትይዘው ግሬታ እንደነገረችኝ፣ ተራ ከሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ዘሎ፣ መስመሩን አልፎ ነው የመጣበት። ልጁ ገና ሁለተኛውን ሊተኩስ ሲል።

ከቴይን ጀርባ ቆማ የነበረችው ጆሊን «አባዬ! አብደሃል?» አለችው።

ዴልማር የልጁን እጅ ለቀቀ። ቴይን ፊቱ ዱቄት መስሏል። መሣሪያውን አንስቶ ወደ መኪናው ሄደ። ዴልማር ተከተለውና በመስኮቱ በኩል አንድ ነገር አለው፤ ምን እንዳለው ማንም አልሰማም። እኔ ስድብ ነው ብዬ አሰብኩ።

ኮሚቴው እዚያው ተሰብስቦ ዴልማርን እስከ በጋ ድረስ ከተኩስ ሜዳው አገደው። የራሱ አባት ከመሠረቱት ሜዳ! በምላሹ ያለው ነገር ቢኖር «እሺ» ነው። ቤት ስንደርስ «ለምን? ስለ አንድ ሣጥን ጥይት?» ብዬ ጮህኩበት። «ቺሊ ተረፈ?» አለኝ። ሳህኑን አናቱ ላይ ልደፋው ለትንሽ ነው የተረፈው።

አሁን የከፋው። ጆሊን ትናንት መጥታ በር ላይ እንደቆመች «ይቅርታ እስኪጠይቅ አላናግረውም፤ በሰርጌም እጄን አይይዝም» አለች። እና ማንን እንድጠይቅላት እንደላከችኝ ታውቃለህ? አንተን። አጎቷ እንዲያስገባት ትፈልጋለች። ይህን ስትል ዴልማር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰምቷል። ጋራዥ ገባ፤ የመሙያው ድምፅ ግን አልተሰማም።

ምን እንደማደርግ ንገረኝ።

ኔልዳ

ሳልመን
ሰኞ፣ ኤፕሪል 6

ኦሪን፣ አንተ ሰውዬ፣

የበቅሎዎቹን መድኃኒት አብሬ ልኬያለሁ። ለጆሊን ጥያቄ የመለስከውን አልነገርኳትም፤ «አባቷ በእግሩ ቆሞ እየሄደ እኔ አልነካትም» ያልከውን አንብቤ አለቀስኩ።

እንዳዘዝከኝ ግሬታን ጠየቅኳት፤ ሌላ ወሬ ሳልጨምር። ዴልማር ከመጮሁ በፊት የቴይን ተኩስ ድምፁ እንዴት ነበር?

«እንግዲህ አሁን ስታነሺው…» አለች፤ «ተኩስ አይመስልም። ፖፕ አለ። እንደ ጠርሙስ ክዳን። እኔ እንደውም ሳቄ መጥቶ ነበር።»

ሱቁ ውስጥ፣ እንቁላል መደርደሪያው ጋ፣ የሰው ጋሪ ይዤ ቆምኩ። ምክንያቱም ጽፈህልኛል፦ እንዲህ ካለች አረሩ ከአፈሙዙ አልወጣም፣ ቱቦው ውስጥ ተቀርቅሯል ማለት ነው፤ ሁለተኛውን ከኋላው ቢተኩስ መሣሪያው እጁ ላይ ይፈነዳ ነበር። እጁ! ፊቱ! ጆሊን ደግሞ ከጀርባው ቆማ!

በቀጥታ ጋራዥ ገባሁ።

«አረሩ የት ነው?» አልኩት።

«የቱ አረር?»

«ከልጁ ሽጉጥ ያልወጣው።»

ጨርቅ አነሳ። «ኦሪን ነው የነገረሽ?»

«እሱ ነው።»

«ያ ሰውዬ ከበቅሎ ጋር ብቻውን እየኖረ እንኳ አፉን መዝጋት አልቻለም።»

«ዴልማር፣ ለምን አልተናገርክም? ሰው ሁሉ አውሬ ነው ብሎሃል! ልጅህ አታናግርህም!»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቆሻሻ አልነበረበትም። «ጥይቱን ራሱ ነው የሞላው፣ ኔልዳ። የኔን ባሩድ በዛ ብሎ፣ የራሱን እስኪሞት አሳነሰው። ተቆጣጣሪ ሊሆን ድምፅ ሊሰጡት ነው። ያን ሁሉ ሰው ፊት ‹እጅህን ልታፈርስ ነበር› ልበለው? ሣጥኔን ስለመለሰ ተበቀለው ይሉኝ ነበር። መኪናው ጋ ሄጄ ‹ሳትተኩስ ቱቦውን እይ› አልኩት። አየ። ያውቃል። የቀረውን እሱ ይናገር።»

«ባይናገርስ?»

«እንግዲያው ልጄን ማን እንደሚያገባት አወቅኩ።»

ኦሪን፣ ከዚህ ሰው ጋር ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ገና ያየሁት መሰለኝ። ቁጭ ብዬ ስደነግጥ አየኝና «አሁን ደግሞ ቃል ግቢልኝ፤ ለማንም፣ ለጆሊንም» አለኝ። እኔ! ዝም! ቃል ገባሁ። ሦስት ቀን ሆነኝ፤ ጥርሴ በተነቀለበት በኩል ምላሴን ነክሼ ይዣለሁ። ጆሊን ስትደውል «ምድጃው ላይ ወጥ አለብኝ» ብዬ እዘጋለሁ። ምን ያህል ወጥ ነው የምትሠሪው ብላ መጠየቅ ጀምራለች።

ልጁ ግን እስካሁን አልተናገረም። ባይናገርስ?

ኔልዳ

ከወንዙ ሸለቆ
ረቡዕ፣ ኤፕሪል 8

ኔልዳ፣

መድኃኒቱ ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ቃልሽን ጠብቂ። ልጁ እንዴት እንደተሳሳተ ጠይቀሽኛል፤ ብዙ ሰው እንደሚሳሳተው ነው። የእርሳሱን ሰንጠረዥ ዝቅተኛውን ይዞ ከዚያም ቀነሰ፤ ለስላሳ ነገር ነውና ይበቃዋል ብሎ። እርሳስ ግን ቅባት አለው፣ በትንሽ ግፊት ሾልኮ ይወጣል። መዳቡ ቱቦውን ይዞ ይፋተጋል፤ በዚያ ላይ በስድስት ጎራሽ ግፊቱ በጎን ያፈተልካል። አንዱ ዴልማር ነው፣ ከላይ አለፈ። አንዱ ቴይን ነው፣ ከታች ወረደ። ሁለቱም የሌላውን ስህተት እንጂ የራሳቸውን አላዩም።

ባይናገርስ ላልሽው፦ ካልተናገረ ከሰርጉ በፊት ማወቃችሁ ይሻላል። ጆሊን ግን ከማንም ሳይሆን ከሱ መስማት አለባት። አንቺ ወጥሽን ሥሪ።

ኦሪን

ሳልመን
ሰኞ፣ ኤፕሪል 20

ተናገረ! ኦሪን፣ ተናገረ! እኔም ፈታ ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩት፤ ከዚያ ወዲያ አፌ አልተዘጋም።

ሰላም ነህ? ይቅርታ፣ ይቅርታ። ባለፈው ሰኞ ያልጻፍኩት የምጽፈው ነገር ስላልነበረኝ ነው፤ አንተም ተጨንቀህ በአብራሪው በኩል መልእክት ልከህብኛል። አሁን ያዝ።

ቅዳሜ የፓንኬኩ ቁርስ ነበር። ዴልማር መታገዱ ለተኩስ ሜዳው ብቻ ስለሆነ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ማንም የለም። ጆሊን በሌላው ጥግ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። እኔ ፓንኬክ እገለብጣለሁ። ሊቀመንበሩ «አሁን ስለ ተቆጣጣሪው ድምፅ እንሰጣለን» ሲል ቴይን ተነሳ።

«ከመስጠታችሁ በፊት» አለ፤ ድምፁ እንደ ጎረምሳ ተሰበረ፤ «ስሜን ከዕጩነት አውጡት።» ከደረት ኪሱ አረሩን አወጣ። ጫፏ የተደፈጠጠ፣ መዳቧ በቱቦው መስመር የተጫረ። «ይህ ቱቦዬ ውስጥ ነበር። ጥይቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። አቶ ዴልማር ባይደርሱልኝ ሁለተኛውን ተኩሼ ዛሬ በዚህ እጅ ሹካ አልይዝም ነበር። እሳቸው ለኔ ሲሉ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ፈሪ ስለሆንኩ ዝም አልኩ።»

ፓንኬኬ አረረ። ነገሩን አስቀድሜ የማውቀው እኔ እንኳ ደነገጥኩ፤ የሌላውንማ ተወው።

አሁን ደስ ብሏት ታቅፈዋለች ብዬ ወደ ጆሊን ስዞር፣ ተነስታ ቆማለች። ፊቷን ብታይ!

«ሦስት ሳምንት» አለች። «ሦስት ሳምንት አባቴን በመንገድ ሳገኘው ዓይኔን እያዞርኩ፣ አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ አይስክሬም ትበላለህ?»

«ጆ፣ ልነግርሽ ብዬ—»

«በላህ ወይስ አልበላህም?»

«በላሁ።»

ቀለበቷን ከጣቷ ነቀለችና ሳህኑ ውስጥ፣ የፓንኬኩ ጣፋጭ ሽሮፕ ውስጥ ጣለችው። ወጣች። ኦሪን፣ አለቀ አልኩ። ተናገረ ብዬ ደስ ሳይለኝ ሰርጉ ተበተነ። መገልበጫውን ይዤ ውሃ ሆኜ ቀረሁ።

ዴልማር ተነሳ። ሰው ሁሉ ወደ ቴይን ሊሄድ ነው ብሎ ጠበቀ። በአጠገቡ ሲያልፍ ትከሻውን መታ አደረገውና ተከትሏት ወጣ። በመስኮት አየናቸው፤ አሮጌው መኪናችን ውስጥ ተቀምጠዋል። ምን እንዳላት አላውቅም፤ ጠይቄው «ስለ አየሩ አወራን» ብሎኛል። እሷ ስትናገር አየሁ፣ እጇን ስታወናጭፍ፣ ከዚያ ግንባሯን ትከሻው ላይ ስታሳርፍ። መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፈነ፤ የክበቡ አባላት ግማሹ መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው ቀሩ።

ተመልሳ ስትገባ ዓይኗ አብጧል። ቀጥ ብላ ቴይን ፊት ቆመች።

«ቀለበቴ ሽሮፕ ነክቶታል» አለችው። «እጠበውና አምጣው።»

ወደ ማጠቢያው እንዴት እንደሮጠ! ሁለት ወንበር ገለበጠ። ግሬታ «ቀስ፣ ፍሳሹ ውስጥ እንዳትከተው!» ብላ ስትጮህ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ያን ያህል ሰው የሚስቀው በጣም ደንግጦ ሲተርፍ ነው መሰለኝ።

የዴልማር እገዳ ተነሳ። ተቆጣጣሪ ሆና የተመረጠችው ግሬታ ናት፤ አሁን በየመንገዱ «አቁሙ!» እያለች ትለማመዳለች። ትናንት ቴይን ከፋብሪካው የመጣ የተቀባ አረር ሰንጠረዥ ይዞ መጣ። ከጋራዡ የሰማሁትን ልንገርህ፦

«ከዚህ በላይ አይሆንም፣ ጌታዬ።»

«ከዚያ በታችም አይሆንም፣ የመጽሐፍ አዋቂው።»

«እሺ፣ መሃሉን።»

«መሃሉን መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ውሸቱን ነው፣ አላለም! ግን ዴልማር ለስጦታ የሞላትን ሣጥን ጠጠር መቆፈሪያው ጋ ወስዶ ለብቻው ሞክሯት ነበር፤ የደበቀውን የዒላማ ወረቀት አገኘሁት፤ ቀዳዳዎቹ እንደ ባቄላ የረዘሙ ናቸው። የተረፉትን ጥይቶች አንድ በአንድ እየፈታቸው ነው። ለኦሪን አትንገሪው ብሎኛል።

እና ሰርጉ። ሜይ ላይ መሆኑ ቀርቷል። ጆሊን «አባቴን ሦስት ሳምንት አስቀይሜዋለሁ፤ ከማግባቴ በፊት ከሱ ጋር ዓሣ አጥምጄ እክሰዋለሁ፤ አንተም ንዴቴ እስኪበርድ ትጠብቃለህ» ብላ ለቴይን ነግራዋለች። እሱም «እሺ» አለ፤ «እሺ» ማለት ተምሯል። እጇን ይዞ የሚያስገባት ዴልማር ነው። አዲስ ጫማ ገዛ፤ እቤት ውስጥ እየተራመደ ይለማመድበታል፣ ሲጠየቅ ግን ሊያሰፋው ነው ይላል።

ስለዚህ በቅሎዎቹን ለጎረቤት ግቢ ጠባቂ አደራ ስጥ። ጎረቤቱንም ጥራው፣ በቅሎዎቹን ሌላ ሰው ይያዛቸው። አብራሪውም ይምጣ፣ ሚስቱንም ይዞ። ወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ፣ ጺሙን ተላጭቶም ሳይላጭም። ሥጋውን ዴልማር ይጠብሳል፣ ቺሊው የኔ ነው፣ ኬኩን ግሬታ አዝዛለች። አልችልም የሚባል ነገር አልሰማም። ቅዳሜ፣ ጁን 13፣ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት፣ እኛ ግቢ፦ ሁላችሁም!

ኔልዳ